ጓንዡ፦ ንግድ ያቆማት ከተማ

በደቡብ ቻይና በፐርል ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ጓንዡ ዕድሜዋ ከሁለት ሺህ ዓመት ይበልጣል። አውሮፓውያን ለረጅም ዘመን «ካንቶን» ይሏት ነበር። ሥርወ መንግሥታት ቢፈራረቁም መተዳደሪያዋ ንግድ እንደሆነ ዘልቋል።

በ1983 እ.ኤ.አ. የተገኘው የጥንቱ የናንዩዌ መንግሥት ንጉሥ መቃብር ለዚህ ምስክር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን የሞተው ይህ ንጉሥ ከጄድ ድንጋይ የተሰፋ ልብስ ለብሶ ተቀብሯል፤ አብረውት ከተገኙት ዕቃዎች መካከል የፋርስ ሥራ የሚመስል የብር ሙዳይና የዝሆን ጥርስ ይገኙበታል። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ደግሞ የዐረብና የፋርስ ነጋዴዎች የራሳቸው ሠፈር ነበራቸው። በቻይና ጥንታዊ ከሚባሉት መስጊዶች አንዱ የሆነው ኋይሸንግም የሚገኘው በዚችው ከተማ ነው።

በ1757 ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ የአውሮፓውያን የባሕር ንግድ በጓንዡ ብቻ እንዲወሰን አዘዘ። የውጭ ነጋዴዎች ከከተማዋ ቅጥር ውጭ በወንዙ ዳር ተቀምጠው፣ መንግሥት ፈቃድ ከሰጣቸው ቻይናውያን ጋር ብቻ ይገበያዩ ነበር። ሻይ፣ ሐርና የሸክላ ዕቃ ይወጣል፤ በለውጡ የብር ገንዘብ ይገባል። ብሪታንያውያን የገንዘባቸውን መፍሰስ ለማካካስ ከሕንድ ኦፒየም የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ ያመጡ ጀመር። በ1839 ሊን ዜሹ የተባለ ሹም ከ20 ሺህ ሣጥን በላይ ኦፒየም ወርሶ በሁመን አስወገደ፤ ይህም ከብሪታንያ ጋር ጦርነት አስነሣ። ቻይና ተሸንፋ በ1842 የናንጂንግን ውል ስትፈርም ሆንግ ኮንግን ለብሪታንያ ሰጠች፣ አምስት ወደቦችንም ከፈተች። ጓንዡ ብቸኛ በር መሆኗ አከተመ፤ ውሎ አድሮም ሻንጋይ ቀደመቻት።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ የብሔርተኛው መሪ የሱን ያት ሰን አብዮት መናኸሪያ ሆነች፤ የዋምፖዋ የጦር አካዳሚም በ1924 በአቅራቢያዋ ተከፈተ። ቻይና ከምዕራቡ ዓለም ጋር የነበራት ንግድ በጠበበበት በ1957 ደግሞ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ የሚካሄደው የካንቶን የንግድ ትርዒት ተጀመረ።

ነዋሪዎቿ ከማንዳሪን የተለየውን ካንቶንኛ ይናገራሉ። የካንቶን ኦፔራ በ2009 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ማለዳ በሻይ ቤት ተቀምጦ፣ በእንፋሎት የበሰለ ዲም ሰም እየቀመሱ መጨዋወትም የቆየ ልማዳቸው ነው።

ዛሬ በሺያኦቤ ሠፈር አፍሪካውያን ነጋዴዎች ይታያሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከአዲስ አበባ ወደ ጓንዡ ይበራል። ለሸቀጥ የሚሄድ መንገደኛ አንድ ቀን ተርፎት ለሻይ ቤቶቿና ለናንዩዌ ንጉሥ ሙዚየም ቢያውለው አይቆጨውም።