ሽቦ የበላው ምርቃት

ባለፈው ዓመት ጥር ደብረ ማርቆስ ላይ ወንድሜን ስንድር አያቴ ማይክ ይዘው መረቁ። ቤቱ አጠገብ ያለነው ሰምተን "አሜን" አልን። ዳሱ ጫፍ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን የተቀመጠው ዘመድ ግን ሞንታርቦ አጠገቡ ተገትሮለት እያለ የእኛን አፍ አይቶ ነበር አሜን የሚለው። (ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ኩባንያ ስም ነው፤ የትልቅ ስፒከር ሁሉ መጠሪያ ያደረግነው እኛ ነን።) አያቴ ከዚያ ወዲህ "ድምፄም ከዳኝ እኮ ልጄ" ማለት አብዝተዋል።

ድምፃቸው አልከዳቸውም። የበላው ሽቦው ነው፤ ሽቦውን የዘረጋሁት ደግሞ እኔ።

አምፕሊፋየሩ ሳሎን ነበር፣ ስፒከሩ 40 ሜትር ርቆ። በመካከላቸው ያለው አምፖል የሚንጠለጠልበትን የምታክል ባለ 0.5 ሽቦ ናት። ሒሳቡን የሠራሁት ሰርጉ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ በየሜትሩ 0.017 ኦም ገደማ ያግዳል። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ 40ው 80 ይሆናል፤ ሽቦዬ ደግሞ በግማሽ የቀጠነች ናት፤ 2.7 ኦም መጣ። ስፒከሩ ራሱ 4 ኦም ነው! ሊደርሰው ከሚገባው ኃይል የደረሰው አንድ ሦስተኛው ገደማ ነበር ማለት ነው።

ዘንድሮ የእኅቴ ተራ ነው። ገመዱን ራሴ ልሥራ ብዬ ገበያ ወጣሁ። አንዱ ሻጭ "ይሄ ብዙ ክር አለው፣ ንጹሕ መዳብ ነው" ብሎ አሸከመኝ። ቤት ገብቼ አንዷን ክር በምላጭ ብፍቃት ውስጧ ነጭ! መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ነው። እናንተ ሳትከፍሉ በፊት ፋቁት።

የክሩ ብዛትስ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚህ ግን ክር መብዛቱ የሚጠቅመው ገመዱ ቶሎ ሳይሰበር እንዲተጣጠፍ ነው። እያንዳንዱ ክር ለብቻው በቫርኒሽ የተሸፈነ ሊትዝ የሚባል ሽቦም አለ። በድሮ ሬዲዮ ውስጥ በጥቁሯ ዘንግ ላይ የሚጠመጠመው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ለሬዲዮ ሞገድ ግሩም ነው፤ ለሰርግ ስፒከር ግን ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ወሳኙ የመዳቡ ጠቅላላ ውፍረት ነው።

በመጨረሻ ባለ 4 ነጠላ የመዳብ ገመድ፣ ቀይና ጥቁር፣ 42 ሜትር 42 ሜትር ገዛሁ፤ ሲገመድ ያጥራላ። አንዱን ጫፍ ከግቢው ምሰሶ አሰርን፣ ሌላውን ትራፓኖ ላይ ነክሰን ቀስ እያልን አዞርነው። ይህን ያደረግነው እንዳይበታተንና ሰው እንዳይጠልፍ እንጂ ለድምፁ ብለን አይደለም። በየሁለት ሜትሩ ናስትሮ ጠመጠምንበት። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መግጠሙን ሁለቴ አየሁ፤ ሁለት ስፒከር ካለ አንዱ ቢገለበጥ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። አሁን ከኃይሉ ከአምስት አራት እጅ በላይ ይደርሳል።

ትናንት ማታ ሞከርነው። እኔ ግቢው ጫፍ ቆምኩ፤ አያቴ ሳሎን ተቀምጠው ማይኩን ጠጋ አድርገው "ይሰማል?" አሉ። ከዚያ ሳላቸው፣ ቀጥሎም እናቴን "ይህን ነገር አጥፊልኝ" ሲሏት ሰማሁ።

ገመዱ ተጠቅልሎ ለጥር ተሰቅሏል።