የወሰን መንገድ ጠጋኙ ማነው?

መንገደኛ የአስተዳደርን ወሰን የሚያውቀው በጐማው ነው። እስከ አንድ ምሰሶ ድረስ በደህና ሲጓዝ የቆየ አውቶቡስ ከምሰሶው ወዲያ መናጥ ሲጀምር፥ ተሳፋሪው ሁሉ ከአንዱ ማዘጋጃ ቤት ክልል ወጥቶ ወደ ጐረቤቱ መግባቱን ይረዳል። ጉድጓዱ በትክክል ወሰኑ ላይ የወደቀ እንደሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ባለቤት አይኖረውም። የወዲህኛው የወዲያኛው ነው ይላል፤ የወዲያኛውም እንዲሁ።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር የሱዳንን ዋና ከተማ የመሰለ ምሳሌ አይገኝም። ካርቱም በስም አንድ ትባል እንጂ በአቀማመጧ ሦስት ከተማ ናት። ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ሥፍራ፥ በሁለቱ መካከል ካርቱም፥ ከነጭ ዓባይ ማዶ ኦምዱርማን፥ ከጥቁር ዓባይ ማዶ በሰሜን ካርቱም ባህሪ ተቀምጠዋል። ከዋዲ ሐልፋ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1899 መጨረሻ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው) የጥቁር ዓባይን ሰሜናዊ ዳር ቢረግጥም፥ ድልድዩ ተሠርቶ ባቡር እስኪሻገር ድረስ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቷል። የነጭ ዓባይ ድልድይ በ1920ዎቹ፥ ኦምዱርማንን ከባህሪ የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይም በ1960ዎቹ ተሠሩ። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ከተማ መንገድ መበላሸት የሌላውን ገበያ ሳይነካ የማያልፍ ሆነ።

የአስተዳደሩ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። እንግሊዛዊው ዶክተር ማርሻል በ1949 ያቀረቡት ጥናት ለ1951ዱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ መሠረት ሲሆን፥ በዚህ ሕግ የከተማ ምክር ቤቶች የራሳቸውን በጀት ይዘው የአካባቢያቸውን ሥራ እንዲያከናውኑ ሥልጣን ተሰጣቸው። በ1971 በፕሬዚዳንት ኒሜሪ ዘመን የወጣው ሕግ ሥልጣኑን ወደ ክፍለ ሀገሩ ሕዝባዊ ሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤት ሰበሰበው። በ1990ዎቹ የፌደራል ሥርዓት ሲዘረጋ ደግሞ የካርቱም ግዛት ቆመ፤ ከጊዜ በኋላም ካርቱም፥ ጀበል አውሊያ፥ ኦምዱርማን፥ ከረሪ፥ ኡምበዳ፥ ባህሪና ሸርቅ ኤኒል የተባሉ ሰባት የአካባቢ አስተዳደሮች በሥሩ ተደለደሉ። ወሰኑ በተለወጠ ቍጥር ጉድጓዱ ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም።

የመንገድ ዋነኛ ጠላት ውሃ ነው። በተለይ በሁለቱ ዓባዮች መካከል ያለው መሬት አብዛኛው ዋልካ በመሆኑ፥ ሲርስ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈው ሬንጅም አብሮት ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ የመንገዱን ሥር ካላላው በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ከባድ መኪና ጉድጓዱን ይቈፍረዋል። ከዚህም የከፋው የቦይ ጉዳይ ነው። የላይኛው ሠፈር ቦዩን ጠርጎ ውሃውን ሲለቅ የታችኛው ሠፈር የራሱን ሳይጠርግ ቢቀር፥ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ የጠረገውንም ሰው ቤት ያጥለቀልቃል። እዚህ ላይ ነው እያንዳንዱ የየድርሻውን ይሥራ የሚለው ደንብ የሚሰናከለው፤ ምክንያቱም ግማሹ የተጠረገ ቦይ ያልተጠረገ ያህል ነው። በ1988 ኦገስት 4 እና 5 በካርቱም ላይ 200 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ሲወርድ፥ ይህም ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው የበለጠ ነበር፥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለ መጠለያ ቀርቷል። ያን ያህል ዝናብ ማንኛውም ቦይ ሊችለው ባይቻለውም፥ በየዓመቱ ለሚወርደው ለተራው ዝናብ ግን ቦዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ መከፈት ይኖርበታል።

በዚያው በ1988 የዓለም ባንክ ባወጣው ጥናት፥ 85 በማደግ ላይ ያሉ አገሮች በጥገና ጕድለት ምክንያት 45 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት መንገድ እንዳጡ ገልጿል። በጊዜው 12 ቢሊዮን የማይሞላ ገንዘብ ለጥገና ቢወጣ ኖሮ ይህ ጥፋት ባልደረሰ ነበር። ገንዘቡን ማን ያውጣ ነው ጥያቄው። በኢትዮጵያ በ1997 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ገቢውን በአብዛኛው ከነዳጅ ቀረጥ እየሰበሰበ፥ 70 በመቶ ለፌደራል፥ 20 በመቶ ለክልል፥ 10 በመቶ ለማዘጋጃ ቤቶች መንገድ የሚያከፋፍልበት ድልድል ነበረው። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው፤ የሚከፍለው በመንገዱ የሚጠቀመው ነውና። ሆኖም እንዲህ ያለው ድልድል ከላይ ወደ ታች እንጂ ጐረቤትን ከጐረቤት አያስማማም። በርዝመት ብቻ መካፈልም ፍትሐዊ አይደለም፤ የጭነት መኪና የሚርመሰመስበት አንድ ኪሎ ሜትር ከአሥር ጸጥተኛ ኪሎ ሜትሮች የበለጠ ወጪ ይጠይቃል።

መንገድ ሲቋረጥ የሚያስከትለውን ወታደር ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2023 በተነሣው የሱዳን ጦርነት፥ በኖቬምበር ወር የሻምባት ድልድይ ተመታና ተቈረጠ፤ በ2024 ጁላይም ያንኑ ወንዝ የሚሻገረው የሐልፋያ ድልድይ ተጐዳ። ተዋጊዎቹ ወገኖች በሁለቱም ጊዜ አንዱ ሌላውን ከሰሰ። የኦምዱርማንና የባህሪ ነዋሪ ግን ቀድሞ በደቂቃዎች ይደርስበት የነበረውን ማዶ በሩቅ ማየት ጀመረ።

ወሰን ላይ ያለ ድልድይ የማን እንደሆነ እንግሊዞች በ1531 በሕግ ደንግገዋል። ድልድዩ በሁለት አውራጃዎች መካከል ቢሆን እያንዳንዱ በክልሉ የሚገኘውን ክፍል ይጠግናል፤ ከድልድዩ ጫፍ ጀምሮ 300 ጫማ የሚሆነው መንገድም ከድልድዩ ጋር አብሮ ይጠገናል። ይህ ተጨማሪው ብልኀት ይመስለኛል፤ ድልድዩ ደህና ሆኖ መቃረቢያው ቢፈርስ ማንም አይሻገርምና። ለካርቱም አካባቢዎች ደግሞ ከዚህ የሚሻለው ወጪውን በጭነት ብዛት ለሁለት ከፍሎ ሥራውን ለአንድ ጓድ መስጠት ነው። ግሬደርና ሮሎ ውድ ናቸው፤ ሁለት አቅመ ደካማ አስተዳደሮች አንዱን በጋራ ቢይዙ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ስምምነቱ ሲጻፍ የቦይ ጠረጋው አንቀጽ ቀድሞ ይግባ፤ ዝናቡ በጁላይ ስለሚበረታ ጠረጋው ከታችኛው ሠፈር ተጀምሮ እስከ ጁን መጨረሻ ማለቅ አለበት።