ለአደጋ ማስተባበሪያ ማዕከል ስለሚቀርቡ የምስልና የድምፅ መሣሪያዎች

ወረርሽኝ፣ ድርቅ፣ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ወሬ ሁሉ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ፣ ተጣርቶና ተመክሮበት ትእዛዝ የሚወጣበት ስፍራ የአደጋ ማስተባበሪያ ማዕከል ይባላል። በአገራችን ከታወቁት አንዱ በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር ያለው ነው። ይህ ማዕከል ለኮሮና በሽታ ሥራውን የጀመረው በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአገር ውስጥ የመጀመሪያው በሽተኛ የተገኘው ከዚያ በኋላ መጋቢት 4 ቀን ነበር። ሕዝቡም በ8335 የነጻ ቴሌፎን ቁጥር እየደወለ ጥቆማውን ያቀርብ ነበር።

እንዲህ ያለውን ክፍል የጎበኘ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በግድግዳው ላይ በተደረደሩት ሰፋፊ የቴሌቪዥን ሰሌዳዎች ላይ ነው። አንዱ ካርታ፣ አንዱ የበሽተኞችን ቁጥር፣ አንዱ የዜና ሥርጭት ያሳያል። ዕቃ አቅራቢውም ዋጋ ሲያቀርብ የሚመካው በእነዚሁ ስፋት ነው። ይሁን እንጂ የማዕከሉ ሥራ ከዓይን ይልቅ በጆሮ የሚሠራ ነው። ምስሉ ቢጠፋ ስብሰባው በድምፅ ብቻ ይቀጥላል፤ ድምፁ ቢጠፋ ግን ሰሌዳው ምንም ቢሰፋ ዲዳ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ያነሰው መሥሪያ ቤት ከሰሌዳዎቹ አንዱን ትቶ ዋጋውን ለጥሩ ሚክሮፎንና ለድምፅ ማጉያ ቢያውለው የተሻለ ነው። ክፍሉ ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳና መስታወት ብቻ ከሆነ ድምፅ እያስተጋባ ንግግሩን ያደበላልቃል፤ ይህንም ለመከላከል ከግድግዳው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የሚሰቀል ወፍራም የሱፍ መጋረጃ ይረዳል። ለዚህስ የመንዝ ባና ምን ይጎድለዋል!

ስለ ምስሉም ቢሆን ከሰሌዳው ስፋት ይልቅ የሚበልጠው የፊደሉ ቁመት ነው። በ6 ሜትር ርቀት የተቀመጠ ሰው ሳይቸገር እንዲያነብ ፊደሉ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ሊኖረው ይገባል። የእኛ ፊደል ደግሞ ቡን ከቢ፣ ሹን ከሺ የሚለየው በትንሽ ቅጥል ስለ ሆነ፣ ከዚህም ከፍ ቢል መልካም ነው።

በየብስ የተዘረጋው መስመር ተቆርጦ ግንኙነቱ በሳተላይት በሚሆንበት ጊዜ ሌላ ነገር ይመጣል። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ሳተላይት በኩል የሚሄድ ድምፅ ወጥቶ እስኪወርድ ድረስ ሩብ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ያላወቁ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ንግግር ሲቋረጡ ይውላሉ፤ ተናጋሪው በመጨረሻ «ጨረስኩ» ማለትን ከለመደ ግን ችግሩ ይቃለላል።

ዋናው ጉዳይ ግን የኤሌክትሪክ ኃይልና የአገሩ ከፍታ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር አንድ ሦስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በዚህም ምክንያት በባሕር ጠረፍ 10 ኪሎዋት የሚሰጥ፣ ተርቦ የሌለው ጀነሬተር እዚህ ወደ 7 ኪሎዋት ዝቅ ይላል። በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አምኖ የገዛ ሰው፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት ጀነሬተሩ ጭነቱን አልችል ብሎ ሲቆም ያየዋል። መሣሪያዎቹም ራሳቸው የሚቀዘቅዙት በአየር ስለ ሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ሙቀታቸውን የሚያስወግዱበት ኃይል ይቀንሳል። ብርዱ ይረዳቸዋል ብሎ ማሰብ አይበቃም፤ ክፍሉ ሰው ሞልቶበት ተዘግቶ የሚውል ነውና። ከፋብሪካ የሚወጡ ብዙ ዕቃዎች በመመሪያቸው ላይ እስከ 2 ሺህ ወይም እስከ 3 ሺህ ሜትር ብቻ እንዲሠሩ መታሰባቸው ተጽፎ ይገኛል። ይህች ጽሑፍ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነች የሚያነባት ጥቂት ነው፤ ዕቃው በዋስትናው ዘመን ቢበላሽ ግን ፋብሪካው ይህችኑ ጠቅሶ እንዳይመልስ ያሠጋል። ዋስትናውን በስሙ የፈረመው ነጋዴም ኪሳራውን ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ ዋጋ ከማቅረብ አስቀድሞ የከፍታውን ወሰን ከአምራቹ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሰሌዳዎቹን አሰቃቀልም መናቅ አይገባም። የመንዝ ደጋ በምሥራቅ በኩል የሚያበቃው በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ነው፤ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከባድ ሰሌዳ በጭቃ ግድግዳ ላይ በሚስማር አይሰቀልም፤ ከወለል የሚነሣ የብረት ማቆሚያ ይሠራለታል።

በርክክቡ ቀን ገዢው ዋናውን መብራት አጥፍቶ፣ ባትሪው ጀነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ክፍሉን ይይዝ እንደ ሆነ ይፈትን። ከዚያም በቴሌፎን ከጓሳ በኩል ከሚናገር ሰው ጋር ሩብ ሰዓት ያህል ይነጋገር፤ በክፍሉ ጀርባ የተቀመጠው ሰው የሰማውን በወረቀት ጽፎ ከተናገረው ጋር ያስተያይ።