ከፍ ባለ ሕንፃ ላይ መስኮት ማጽዳት፦ ኬሚካሉ፣ ገመዱና መሰላሉ

ከካምፑ ወጥተው በሦስተኛ አገር የሰፈሩ ወገኖቻችን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚያገኟቸው ሥራዎች መካከል አንዱ የጽዳት ሥራ መሆኑ ይታወቃል። ከዚህም ውስጥ የረጃጅም ሕንፃዎችን መስኮትና የውጭ ግድግዳ ማጽዳት ከተራው የጽዳት ሥራ ሻል ያለ ክፍያ ሊያስገኝ ስለሚችል ወጣቶች ይሽቀዳደሙበታል። በካምፑ ውስጥ ስለዚህ ሥራ ሲወራ የምንሰማው ግን ስለ ደመወዙ ብቻ ነው። በመሆኑም በዚህ እትማችን ስለ ሥራው አሠራርና ስለሚያስከትለው አደጋ ጥቂት ልንላችሁ ወደድን። የመሄጃ ቀናቸውን የሚጠባበቁም ሆኑ በዓረብ አገር እህት ወይም ልጅ ያላቸው ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል እንላለን።

እኛ ዘንድ ከፍ ያለ ነገር ቢባል የውኃ ታንከሩ ነው። የቤታችንም መስኮት ቆርቆሮ ወይም ሸራ እንጂ መስታወት አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምር።

መስታወቱን የሚያጸዳው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ኬሚካሉ በበረታ ቁጥር ጽዳቱ የሚያምር ይመስለዋል። በመስኮት ሥራ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አቧራና ጢስ ለያዘው መስታወት ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙት አንድ ባልዲ ውኃና ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነው። ሳሙናው ቅባቱን ከመስታወቱ ላይ ያላቅቀዋል፤ ከዚያም ውኃው ሳይደርቅ በጎማ መጥረጊያ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሳሙናው ከበዛ መስታወቱ ላይ መስመር እየተወ ያስቸግራል። ፀሐይ በቀጥታ ሲመታውም ውኃው ቶሎ ስለሚደርቅ እንዲሁ ይሆናል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ጥላውን እየተከተሉ ሕንፃውን ይዞሩታል።

ስኩዊጂ የሚባለውን ይህን ቀላልና ባለ አንድ ጎማ የናስ መጥረጊያ በ1936 እ.ኤ.አ. የሠራው ኤቶሬ ስቴኮኔ የተባለ መስኮት አጽጂ ነው። ሰውየው በ1922 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሲሆን በካሊፎርኒያ መስኮት እያጸዳ ይተዳደር ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው መጥረጊያ ከባድ ብረት ነበርና ጎማውን ለመለወጥ ብዙ ብሎን መፍታት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በየአገሩ የሚሠራበት መሣሪያ ከእርሱ ሥራ ብዙም አልራቀም።

መስታወት ላይ የሚቀረው ነጭ ነጠብጣብ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ከሚጋገረው ነጭ ነገር ጋር አንድ ነው፤ ውኃው ሲደርቅ የሚተወው ማዕድን ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ድርጅቶች ማዕድኑ ተጣርቶ የወጣለትን ንጹሕ ውኃ በረጅም ዘንግ እየገፉ ከታች ሆነው ያጸዳሉ። ይህ ውኃ ቢደርቅም ምልክት አይተውም። ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ሠራተኛው እግሩ ከመሬት አለመነሣቱ ነው። በእንግሊዝ አገር በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የከፍታ ሥራ ደንብም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዝዘው፣ ከመሬት ሆኖ መሥራት እየተቻለ ሰው ወደ ላይ እንዳይወጣ ነው።

በረኪናና አሲድ

ጠንካራ ኬሚካል የሚመጣው ሳሙና የማያስለቅቀው ነገር ሲያጋጥም ነው። ግድግዳ ላይ ለበቀለ ሻጋታ በረኪና፣ አዲስ ሕንፃ ላይ ለተረጨ ሲሚንቶ ደግሞ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጠቀማሉ። ሁለቱም እንግዳ አይደሉም። በረኪና ማለት በኬንያ ሱቆች ጂክ እየተባለ የሚሸጠው ነው፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደግሞ መጸዳጃ ቤት በምናጸዳባቸው እንደ ሃርፒክ ባሉ ፈሳሾች ውስጥ ይገኛል። እነዚህ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ዐይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ደረት ይጨምቃል፣ ሲበዛም ይገድላል። በረኪና አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ስለዚህ ይህ ምክር ወደ ውጭ ለሚሄደው ብቻ አይደለም፤ ነገ መጸዳጃ ቤቱን በሁለቱ አንድ ላይ ለማጠብ ላሰበችው እናትም ነው። ሽታው ድንገት ከተነሣ ዕቃውን ትቶ ንጹሕ አየር ወዳለበት መውጣት ያስፈልጋል።

አሲድ በውኃ ሲበረዝ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ይህ ከተገለበጠ ድብልቁ በድንገት ግሎ ወደ ፊት ይፈናጠራል። ግድግዳው ላይ ከመቀባቱ በፊት ደግሞ ከሥር ያለው ክፍል በሙሉ በውኃ መራስ አለበት፤ ደረቅ ግድግዳ ላይ የወረደ አሲድ ወደ ውስጥ ይመጠጥና የማይለቅ መስመር ያወጣል። የአልሙኒየም የመስኮት ፍሬምንም ይበላል።

ከሁሉም ለይተን የምንጠቅሰው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድን ነው። በአንዳንድ የድንጋይና የሸክላ ጡብ ማጽጃዎች ውስጥ ይገኛል፤ መስታወትን እንኳ ይበላል። ክፋቱ፣ ቀጠን ያለው ሲነካ ወዲያው አለማቃጠሉ ነው። ሰውየው ምንም አልሆንኩም ብሎ ሥራውን ሲቀጥል አሲዱ በቆዳው ዘልቆ የሰውነቱን ካልሲየም ይይዛል፤ ሕመሙ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ሲበዛም ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል። ይህ አሲድ በሚሠራበት ቦታ ካልሲየም ግሉኮኔት የተባለው ቅባት ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። የነካው ሰውም ባያመውም እንኳ በብዙ ውኃ ታጥቦ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ ይገባዋል፤ ያገኘውንም የኬሚካል ስም ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ሌላው ኬሚካል ዐይን ውስጥ ከገባ ዐይኑን በጣት ከፍቶ በንጹሕ ውኃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማጠብ ነው። ደቂቃው የበዛ ይመስላል፤ ሰዓት እያዩ ማጠብ ይሻላል። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ልብሱ ይወልቃል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሎሚ፣ እነዚህ ሁሉ ይቅሩ።

ኬሚካሉ ገመዱን ሲያገኘው

እስካሁን ያልነው መሬት ላይ ለሚሠራም ይሆናል። ከፍታው ሲጨመርበት ግን አዲስ ነገር ይመጣል። ነፋሱ የተረጨውን ወደ ራሱ ወደ ረጪው ፊት ይመልሰዋል፤ ከታች በሚያልፍ ሰው ላይም ይጥለዋል። በገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ዐይኑ ቢቃጠል ሮጦ ወደ ቧንቧ መሄድ አይችልም። ስለዚህ የዐይን መከለያ መነጽር፣ የኬሚካል ጓንትና የሚታጠቡበት ንጹሕ ውኃ አብረው መውጣት አለባቸው፤ ከታችም አካባቢው በገመድ ይከለላል።

ብዙዎች የማያውቁት ግን ኬሚካሉ ሰውን ብቻ ሳይሆን ገመዱንም እንደሚበላ ነው። ናይለን ገመድ በአሲድና በበረኪና ይዳከማል። ፖሊስተር የሚባለው አሲድን ይችላል፤ ኃይለኛ አልካሊ ሲያገኘው ግን እርሱም ይጎዳል። የተጎዳ ገመድ ደግሞ መልኩ ላይለወጥ ይችላል፤ ሲያዩት ደህና፣ ክብደት ሲያርፍበት በጣሽ ይሆናል። አሲድ የነካው ወይም ነክቶታል ተብሎ የተጠረጠረ ገመድ ወይም ቀበቶ ታጥቦ መልሶ አይሠራበትም፤ ተቆራርጦ ይጣላል። አሠሪ ገንዘብ ወጣበት ብሎ ቢቆጣም ይኸው ነው።

በዚህም ምክንያት በገመድ የሚወርድ ሠራተኛ በአንድ ገመድ አይታመንም። አንዱ የሚሠራበት ነው፤ ሁለተኛው ለብቻው ሌላ ቦታ ታስሮ ቢወድቅ የሚይዘው ነው። በአሜሪካ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ገመዱ የሚታሰርበት መያዣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 5,000 ፓውንድ፣ ማለትም 2,268 ኪሎ ያህል መሸከም እንዲችልና ይህም በሕንፃው ባለቤት በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ያዝዛል። ከ300 ጫማ፣ ማለትም ከ91 ሜትር በላይ ደግሞ ሌላው መንገድ ሁሉ የማይሆን ካልሆነ በቀር በገመድ መውረድ አይፈቀድም።

ሁሉም ሥራ ገመድ አይጠይቅም። ሁለትና ሦስት ፎቅ ላይ የሚሠራው በመሰላል ነውና የመሰላሉን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። መሰላሉ 4 ሜትር ከወጣ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል፤ ሲጠጋ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ሲርቅ ይንሸራተታል። ባልዲው በእጅ ተይዞ አይወጣም፤ ሰውየው ከወጣ በኋላ በገመድ ይሳባል። የአልሙኒየም መሰላል መብራት ስለሚያስተላልፍ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ይራቅ። ሳሙና የነካው የመሰላል ርከን ያንሸራትታል፤ ይህች ነገር ቀላል ትመስላለች እንጂ ቀላል አይደለችም።

“እሺ” ከማለታችን በፊት

በእኛ ባህል አለቃ ሲናገር “እሺ” ማለት ጨዋነት ነው። ሰውየው ሲያስረዳን ግማሹ ባይገባንም እንኳ ደግመው ይንገሩኝ ማለት ያሳፍረናል። በዚህ ሥራ ላይ ግን ይህ እፍረት ሰው ይጎዳል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. በግልጽ እንዳሳወቀው፣ አሠሪ ሥልጠና የሚሰጠው ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋና ቃል መሆን አለበት። ስለዚህ “አልገባኝም” ማለት ልመና ሳይሆን መብት ነው።

ቋንቋው እስኪለመድ ድረስ ዕቃው ላይ የተለጠፈው ምልክት ይረዳል። ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት አንድ ዓይነት ምልክት አለ፤ በቀይ መስመር የታጠረ፣ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ነው። በውስጡ ፈሳሽ እጅን ሲበላ ከታየ ቆዳና ዐይን የሚያቃጥል ነው፤ የራስ ቅል ካለበት መርዝ ነው፤ ነበልባል ካለበት የሚቀጣጠል ነው። ከሥሩ “ደይንጀር” የሚለው ቃል “ዋርኒንግ” ከሚለው ይልቅ የከፋ አደጋን ያመለክታል። ምንም ጽሑፍ በሌለው የውኃ ጠርሙስ ተቀድቶ የተሰጣችሁን ኬሚካል አትቀበሉ፤ ምን እንደሆነ የቀዳው ሰው እንኳ ሊረሳው ይችላል።

ወደ ዓረብ አገር ለሚሄዱ እህቶች

ከዚህ በላይ የጻፍነው ሁሉ ቀበቶና ገመድ ላለው ሠራተኛ ነው። በቤት ሠራተኝነት የምትሄድ እህታችን ግን ቀበቶም፣ ሥልጠናም የላትም። በፎቅ ቤት ውስጥ ስትሠራ የመስኮቱን የውጭ ፊት እንድታጸዳ ልትታዘዝ ትችላለች፤ ይህን የምታደርገውም መስኮቱ ደፍ ላይ ቆማ ወይም ግማሽ ሰውነቷን ወደ ውጭ አውጥታ ነው። በእርጥብ ደፍ ላይ በባዶ እግር መቆም ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያሻም። በሲንጋፖር በርካታ የቤት ሠራተኞች እንዲህ ወድቀው ከሞቱ በኋላ መንግሥት በ2012 እ.ኤ.አ. ደንብ አወጣ፤ በፎቅ ቤት የመስኮት ውጭ የሚጸዳው የብረት ፍርግርጉ ተቆልፎ፣ አሠሪዋ ወይም ሌላ አዋቂ ሰው አጠገቧ ቆሞ ሲቆጣጠር ብቻ እንዲሆን ተደረገ።

ይህ ደንብ የሲንጋፖር ነው እንጂ የሁሉም አገር አይደለም። ሆኖም ሐሳቡን ይዞ መሄድ ይቻላል። ሁለቱም እግሮች በወለሉ ላይ ቆመው እጅ የሚደርስበት ድረስ ብቻ ማጽዳት፣ ለቀረው ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ እንዲገዛ መጠየቅ፣ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ወደ መስኮት አለማስጠጋት፣ በነፋስና በምሽት አለመሥራት። እመቤቲቱ ስትቆጣ “እሺ፣ በዘንጉ አደርገዋለሁ” የሚለውን በዓረብኛ አስቀድሞ ማጥናት ይጠቅማል፤ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶች በየሰፈሩ ስላሉ አነጋገሩን ከእነርሱ መጠየቅ ይቻላል።