ቤት ሲፈርስ ለማን ምን ይከፈላል?

ሲሪንቃ በወልድያና በመርሳ መካከል፣ አውራ ጎዳናው ዳር ነው ያለችው። የመንገድ ዳር ሰው ደግሞ ሜትር የያዘ ሰው ባየ ቁጥር ልቡ ይመታል። «ካሳ አለው?» ነው ጥያቄው። መልሱ ሰውየው በእጁ ባለው ወረቀት ይለያያል።

በመሠረቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለመሬቱ ዋጋ አይከፈልም። የሚገመተው በላዩ ያለው ንብረት ነው፤ ይኸውም ቤቱ፣ አጥሩ፣ ባሕር ዛፉ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት ካሳው በቅድሚያ መከፈል አለበት። ልብ በሉ፣ በቅድሚያ! አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ የቤት ካሳ ተመሳሳይ ቤት ዛሬ ለመሥራት በሚፈጀው ወጪ እንዲሰላ ይላል። ገበሬ መሬቱን ለዘለቄታው ለቆ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካላገኘ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢው በ15 ይባዛል። ለምሳሌ ያህል ገቢው 40,000፣ 60,000 እና 50,000 ብር ከነበረ 60,000ውን ወስደን በ15 ስናባዛ 900,000 ብር ይሆናል። በቀድሞው አዋጅ 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ በ10 ነበር የሚባዛው። በ1336/2016 ማሻሻያ ደግሞ ለፌዴራል ፕሮጀክት ጭምር ካሳ የመክፈሉ ሸክም ወደ ክልልና ከተማ አስተዳደሮች ዞሯል።

የቀበሌ ቤት ተከራይስ? ትርፍ ቤቶች በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረሱ፣ ወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ተከራዩ የቤቱ ባለቤት ስላልሆነ የቤት ካሳ አያገኝም፤ መብቱ ሌላ የመንግሥት ቤት መከራየት ወይም ኮንዶሚኒየም መግዛት ነው። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በ2016 ፒያሳን፣ በ2017 ካዛንቺስን ሲያፈርስ ብዙ የካዛንቺስ ሰው ገላን ጉራ ገባ። ቤቱስ ይሁን፤ ካዛንቺስ መንገድ ዳር ቡና አፍልታ ልጅ የምታሳድግ ሴት ግን ደንበኞቿ አብረዋት አይጫኑም። አዋጁ ራሱ ለተቋረጠ ማኅበራዊ ትስስር ካሳ ይገባል ብሏል። እንዴ፣ የ30 ዓመት ዕድር በስንት ብር ይተመናል?

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ከግለሰብ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ነው። ስሙ በይዞታ ማረጋገጫም በቀበሌ የኪራይ ውልም የለ፤ ልጠይቅ ቢል በምን ይጠይቅ?

ይሄ ለመምህር ምን ያረጋል የሚል አይጠፋም። አንዲት የአያቴ ጎረቤት የግምቱን ደብዳቤ ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ልጃቸው ከከተማ እስኪመጣ ጠበቁ። ልጁ ሲመጣ ቀኑ አልፎ ነበር። በአዋጁ መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ትእዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ በዚያ ያልረካ ለይግባኝ ሰሚው፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ያመለክታል። ነገ ገጠር ስንመደብ «እስቲ የኔታ፣ ይቺን አንብቡልኝ» የምንባለው እኛው ነን። እንግዲህ መጀመሪያ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ማየት ነው። ቀጥሎ ስንት ክፍል፣ ስንት ዛፍ እንደተቆጠረ ከባለቤቱ ጋር ግቢውን እየዞሩ ማመሳከር፤ የጎደለ ካለ በጽሑፍ ማመልከትና ቅጂውን ማስቀረት ነው።