የሐኪሙ ሐሳብም ይመረመራል
ሐኪም የሚሳሳተው ዕውቀት ሲያጥረው ብቻ አይደለም። ዕውቀቱም መድኃኒቱም እያለ፣ አእምሮው ቀድሞ የያዘው ግምት ከትክክለኛው በሽታ ሊያርቀው ይችላል። ይህ የአስተሳሰብ ስሕተት ይባላል።

በደቡብ ጎንደር ዞን ሊቦ ከምከም ወረዳ የኾነው ለዚህ ማሳያ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ነዋሪዎች በማይለቅ ትኩሳት፣ በክሳትና በጣፊያ ማበጥ ይሠቃዩ ነበር። ወባ በአካባቢው የተለመደ በመኾኑ፣ ሕመሙ መድኃኒት የተላመደ ወባ እንደኾነ ተገመተ። ካላ-አዛር መኾኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም ነው። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል። እስከዚያ ድረስ በስፋት የሚታወቀው እንደ ሁመራና መተማ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ስለነበር፣ በደጋማው ወረዳ ቶሎ አልተጠረጠረም። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል የተጠረጠረው መድኃኒቱ እንጂ የበሽታው ስም አልነበረም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ተቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው እርግጠኛ ባልኾነበት ጉዳይ ሲወስን አቋራጭ መንገድ እንደሚጠቀም አሳይተዋል። አቋራጩ ብዙ ጊዜ ያደርሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ያሳስታል። በመጀመሪያ ግምት ላይ መቸከል፣ ግምትን የሚደግፍ ማስረጃ ብቻ መፈለግ እና በሌላ ሰው የተሰጠን የበሽታ ስም ሳይመረምሩ መቀበል ከስሕተቶቹ መካከል ናቸው።

የመጨረሻው በተለይ ታካሚ ከጤና ተቋም ወደ ጤና ተቋም በሚላክበት ሥርዓት ትኩረት ይሻል። ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከመላ ሀገሪቱ በሪፈር የሚላኩ ታካሚዎችን ያስተናግዳል፤ ሐኪሞችም ይሠለጥኑበታል። በየትኛውም እንዲህ ባለ ሆስፒታል፣ በሪፈር ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የበሽታ ስም ከታካሚው ቀድሞ ሊታመን ይችላል።

ስሕተቱን ለመቀነስ ሐኪሞች ስለጉዳዩ ያላቸውን አመለካከት ማወቅ ያስፈልጋል። የተለመደው መለኪያ አሜሪካዊው ሬንሲስ ሊከርት በ1932 ያስተዋወቀው ነው። ለምሳሌ "የመጀመሪያ ግምቴ ሊያሳስተኝ ይችላል"፣ "ባልደረባዬ ውሳኔዬን ሲጠይቅ እቀበላለሁ" የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ይቀርባሉ። መላሹ "በጣም እስማማለሁ" ከሚለው እስከ "በጣም አልስማማም" ካሉት አምስት ደረጃዎች አንዱን ይመርጣል።

መለኪያው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰው የባልደረባውን ስሕተት ከራሱ ይልቅ አጉልቶ ያያል። ስለዚህ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለራስም ስለባልደረባም ማቅረብና በመልሶቹ መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ይጠቅማል። መላሹ መልካም የሚመስለውን ሊመርጥም ስለሚችል፣ የታካሚ ታሪክ አቅርቦ እንዴት እንደሚወስን ማየት መጠይቁን ያግዛል። ከሁሉም በላይ መልሱ ስም የማይጠቀስበትና ለቅጣት የማይውል መኾን አለበት፤ የሚፈራ ሐኪም እውነቱን አይሞላም።

የመለኪያው ጥቅም የሚታየው ሐኪሞች "ሌላ ምን ሊኾን ይችላል?" ብለው ራሳቸውን መጠየቅን ሲለምዱ ነው። መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው ታካሚም ይህንኑ ጥያቄ ለሐኪሙ በአክብሮት ማቅረብ ይችላል።