ሲሰፋ ያላጠረው መንገድ

ደቡብ ሱዳን በጁላይ 2011 ነጻ አገር ስትሆን (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጁባን ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኝ የፋይበር መስመር አልነበረም። ኢንተርኔት የሚገባውም የሚወጣውም በሳተላይት ነበር። መስመሩ ሲያዘግም መፍትሔው ለሁሉም አንድ ይመስላል፤ ገንዘብ ያለው ሰፋ ያለ መስመር ይገዛል። በሳተላይት ላይ ስፋት ውድ ነው። ከተከፈለ በኋላም ግራ የሚያጋባ ነገር ይቀራል፤ ትልልቅ ፋይሎች ሲፈጥኑ ተራው ድረ ገጽ ግን እንደ ድሮው ነጭ ሆኖ ያስጠብቃል።

ምክንያቱ ያለው ሰማይ ላይ ነው። ከምድር ጋር እኩል እየዞረ ባለበት የቆመ የሚመስለው የመገናኛ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከጁባ የተነሳ መልእክት እዚያ ወጥቶ አውሮፓ ወዳለ ጣቢያ ሲወርድ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ሲመለስ፣ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። መሣሪያዎቹ የሚወስዱት ሲታከልበት ከ0.6 ሰከንድ ያልፋል። ይህን ጊዜ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢወጣ ማሳጠር አይቻልም።

ግማሽ ሰከንድ ለብቻው አይከብድም። የሚያስመርረው መደጋገሙ ነው። ብሮውዘሩ በመጀመሪያ የድረ ገጹን ስም ይዞ የቁጥር አድራሻውን ይጠይቃል፤ አንድ ደርሶ መልስ። ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት ይከፍታል፤ ሁለተኛ። የምስጢር ቁልፍ ለመለዋወጥ በቀድሞው አሠራር ሁለት ይጨመራል። ገጹን ራሱን የሚጠይቀው በአምስተኛው ነው። አንዲት ፊደል ሳትታይ ሦስት ሰከንድ አለፈ ማለት ነው። ገጹም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይመጣም። ቫን ጃኮብሰን በ1988 የኢንተርኔትን መጨናነቅ ለማቃለል ባሳተመው ዘዴ መሠረት፣ ሰርቨሩ መንገዱ ምን ያህል እንደሚሸከም እስኪያውቅ ድረስ በጥቂቱ ይጀምራል። ዛሬ የተለመደው መነሻ 14 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ መድረሱ ሲረጋገጥለት እጥፉን ይልካል፣ ከዚያም የእጥፉን እጥፍ። አንድ የጁባ ነጋዴ መኪናውን ካምፓላ ልኮ ጨው ካስመጣ በኋላ ለሽንኩርት፣ ከዚያ ደግሞ ለዘይት እንደገና ቢልከው፣ የመንገዱ መስፋት ምን ይጠቅመዋል?

ስቱዋርት ቼሻየር ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1996 ይህንኑ ጽፎ ነበር፤ ስፋት ይገዛል፣ መዘግየት ግን አንዴ ከገባ አይወጣም ሲል።  በ2010 ደግሞ ጉግል ውስጥ ይሠራ የነበረው ማይክ ቤልሺ ነገሩን በቁጥር አሳየ። መስመሩን በሰከንድ ከ5 ወደ 10 ሜጋቢት ማሳደግ ገጾች የሚከፈቱበትን ጊዜ የቀነሰው በ5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። የደርሶ መልሱ ጊዜ ሲያጥር ግን ገጹ በዚያው ልክ እየፈጠነ ሄደ።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግኝት በዚያው ሰሞን ዩቲዩብ ውስጥ የሆነው ነው። ኢንጂነሩ ክሪስ ዛካሪያስ የቪዲዮ ገጹ 1.2 ሜጋባይት መድረሱ አላስደሰተውም። በደርዘን የሚቆጠሩ ፋይሎችንም ይጠራ ነበር። ዛካሪያስ ገጹን ከ100 ኪሎባይት በታች አደርገዋለሁ ብሎ ተነሳ፤ ከአድካሚ ሥራ በኋላም 98 ኪሎባይትና 14 ጥያቄ ብቻ ያለው ገጽ ሠራ። ስሙንም ፌዘር አለው። ለጥቂት ተጠቃሚዎች ተለቆ ሳምንት ሲቆይ ውጤቱ ተለካ። አማካይ የመክፈቻ ጊዜው ከመቀነስ ይልቅ ጨምሮ ተገኘ! ገጹ ከአሥር እጅ በላይ ቀልሎ እንዴት ይዘገያል? ዛካሪያስ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አንድ ባልደረባው መልሱን አገኘው፤ ቁጥሩን በየአገሩ መከፋፈል ነበር። ከአፍሪካ፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከሳይቤሪያ ሳይቀር ቀድሞ ያልነበሩ ተመልካቾች መጥተው ነበር። በእነሱ መስመር የቀድሞው ገጽ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጅ ስለነበር የሚጠብቀው ሰው አልነበረም፤ ካልጠበቁት ደግሞ በመለኪያው ውስጥ አይገቡም። አሁን በሁለት ደቂቃ ይከፈትላቸዋል። ሁለት ደቂቃ ለእነሱ ደስታ ነበር፤ የአማካዩን ቁጥር ያበላሹት እነዚህ አዲስ መጤዎች ናቸው።

የጁባም ሰው እንዲህ ነበር። በገጹ ባለቤት ሰንጠረዥ ላይ ስሙ ስለማይታይ፣ የሚቸገር ጎብኚ እንዳለ እንኳ አይታወቅም።

ሰማዩም ምድሩም ቀስ በቀስ ተለወጠ። 8,062 ኪሎ ሜትር ላይ የሚዞሩት የኦስሪቢ ሳተላይቶች ደርሶ መልሱን ወደ 0.15 ሰከንድ ገደማ አወረዱት፤ ጁባም ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ሆነች። በ2020 ደግሞ ከዩጋንዳ ጠረፍ፣ ሸቀጥ የጫኑ መኪኖች በሚገቡባት በኒሙሌ በኩል፣ ፋይበር ጁባ ደረሰ። ከዚያ በካምፓላና በናይሮቢ አድርጎ ሞምባሳ፣ ከሞምባሳ ባሕር ውስጥ ይገባል። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር በደርሶ መልስ ላይ የሚጨምረው 0.01 ሰከንድ ነው።

አሁን ጥያቄው ይገለበጣል፤ ከጁባ የሚነሳው ገጽ ውጭ ላለው አንባቢ እንዴት ይድረስ? የጁባን ዜና የሚያነበው ሰው ኦማሃ አለ፣ ሜልቦርን አለ፣ ጋምቤላ ውስጥ በኩሌና በቲርኪዲ የስደተኛ መጠለያዎችም አለ። ጋምቤላ ለደቡብ ሱዳን የድንበር ጎረቤት ናት፤ ይሁንና የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ መስመር የሚወጣው በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን ነው፤ የጁባው በዩጋንዳ። መልእክቱ በድንበሩ በፓጋክ ኬላ ቀጥ ብሎ አይሻገርም። ሰርቨሩ ጁባ ቢቀመጥ ሁሉም ይርቃል፣ ጄኔሬተሩ ሲቆምም ገጹ አብሮ ይጠፋል። አሜሪካ ቢቀመጥ የኦማሃው ይቀናዋል፣ የሜልቦርኑ ይቸገራል።

ለዚህ መላ የተገኘው በኤምአይቲ ነው። የድር ፈልሳፊ ቲም በርነርስ ሊ በ1995 መጨናነቅ እንደሚመጣ አስጠንቅቆ ነበር፤ የሒሳብ ሊቁ ቶም ሌይተንና ተማሪው ዳኒ ሌዊን ችግሩን ይዘው በ1998 አካማይን መሠረቱ። ሐሳባቸው የገጹን ቅጂ በየከተማው አስቀምጦ አንባቢውን ቅርቡ ካለው ቅጂ ማገናኘት ነው።  ዛሬ ሌሎች ኩባንያዎችም ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣሉ፣ በነጻ የሚሰጡም አሉ። የጋምቤላው አንባቢ ግንኙነት የሚከፍተውና ቁልፍ የሚለዋወጠው ቅርቡ ካለው ቅጂ ጋር ይሆናል፤ ቁልፉም ቢሆን ከ2018 ወዲህ ባለው አሠራር በአንድ ደርሶ መልስ ያልቃል።

የቅጂው ጥቅም ከፍጥነትም ያልፋል። በፌብሩዋሪ 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮምን ጨምሮ በርካታ ኬብሎች ተቆረጡ፤ በሜይ ደግሞ ሲኮምና ኢሲ የተባለው ኬብል በሞዛምቢክና በደቡብ አፍሪካ መካከል ተበጠሱ፣ ምሥራቅ አፍሪካም ተቸገረች። እንዲህ ባለው ቀን ናይሮቢ ያለ ቅጂ አውሮፓ ያለው ሰርቨር ባይመልስለትም ያለውን ማሳየት ይችላል፤ ሰርቨሩ አስቀድሞ «ካላገኘኸኝ የቆየውን ስጥ» የሚል አንድ መስመር ትእዛዝ ከሰጠው። ይህ ትእዛዝ ከ2010 ጀምሮ በጽሑፍ ተደንግጓል፤ ሆኖም እስካልተጻፈ ድረስ አይሠራም። በቅጂ የማይሆነው አንባቢው የሚልከው ነው፤ አስተያየት፣ የምዝገባ ቅጽ፣ ክፍያ። እነዚህ ዋናው ሰርቨር ድረስ ሄደው መመለስ አለባቸው። ቅጹን በስልኩ ውስጥ አቆይቶ መስመር ሲመለስ የሚልክ አሠራር አለ፤ ክፍያ ግን እስኪረጋገጥ መጠበቅ ግድ ነው።